«በእምነት ብቻ» ካልን የእናቴ ጾም ምን ሊሆን ነው?

ጥያቄ፦ «ጌታን ከተቀበልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ጾም አታጓድልም፤ በ21 ለማርያም ትዘክራለች፤ በራችን ላይ የቆመ ነዳይ ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። የኅብረታችን መሪ ግን ‹መዳን በእምነት ብቻ ነው፤ ሥራ ማንንም አያድንም፤ እናትሽ እንዲሁ እንዳለች ከሞተች ጠፍታለች› ይለኛል። እሷ ደግሞ ‹እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ይላል ያዕቆብ፤ እናንተ የምትወዱትን ጥቅስ መርጣችሁ ነው የምታነቡት› ትለኛለች። ይባስ ብሎ እዚያው ኅብረት ውስጥ ያለ አንድ ወንድም የእናቴን የዕቁብ ብር 18 ሺህ ተበድሮ ዓመት ሊሆነው ነው። ስትጠይቀው ‹እኔ በጸጋ ነው የምኖረው፤ ጌታ ይቅር ብሎኛል› አላት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በእምነት ብቻ መዳን እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ሥራ ምን ይሠራል? ለእናቴ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

አዎ፣ መዳን በእምነት ብቻ ነው። የኅብረታችሁ መሪ መጀመሪያ የተናገረው ልክ ነው። ሁለተኛው ሳይብራራ ከቀረ ያሳስታል። ሦስተኛውን ግን እንዲናገር የሾመው የለም። ብር የተበደረው ወንድም ደግሞ ጭራሽ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔም ከየት ሆኜ እንደምናገር ይታወቅ። ወንጌላዊ ክርስቲያን ነኝ፤ የተማርኩትም የሉተራውያንን ሥነ መለኮት ነው። ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የማታ ክፍል ሳስተምር ግን ደጋግሜ የምታዘበው ነገር አለ። ተማሪው ጥቅሱን በቃሉ ይወጣዋል። የሚቸግረው «ብቻ» የተባለው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ መለየቱ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ቅዱስ እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን ሰው በምን ምክንያት ይቀበለዋል? መልሱ፣ ክርስቶስ በሞቱና በትንሣኤው ባደረገለት ነገር የሚል ነው። ሰውየው ይህን የራሱ የሚያደርገው በማመን ነው። በዚህ ምክንያት ላይ የሚጨመር የለም። ጾም አይጨመርም፤ አሥራት አይጨመርም፤ ዘማሪ መሆን አይጨመርም፤ «የጸሎት ሰው» መባልም አይጨመርም። ኤፌሶን 2 ቁጥር 8 እና 9 በግልጽ አስቀምጦታል፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ቁጥር 10 ግን ቀጥሎ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ተፈጠርን ይላል። ከሥራ አይደለም፤ ለሥራ ነው። ጳውሎስ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገራቸው።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። የዳነ ሰው እንዴት ይኖራል? ማቴዎስ 25 ላይ እንደምናነበው ንጉሡ ስለ ተራበውና ስለ ታረዘው ሲጠይቀን ምን እንመልሳለን? ጎረቤቴ ድኗል ወይስ አልዳነም? ለእነዚህ ሁሉ «በእምነት ብቻ» ብሎ መመለስ አይሆንም። አንቺ ቤት የተፈጠረው ግጭት አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ አንዱ መልስ ላልተጠየቀበት ጥያቄ ሁሉ ተሰጠ።

ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሻል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር የፈጠረው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በእኛም በእነሱም ወገን። ጉዳዩ የተነሣው በሐዋርያት ዘመን ነው። ከአሕዛብ ወገን የሆኑ ሰዎች በክርስቶስ አመኑ። ከዚያ ከይሁዳ የመጡ መምህራን «እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም» አሏቸው። ሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ያለው የኢየሩሳሌም ጉባኤ፣ በ49 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ የተሰበሰበው ለዚህ ነው። ጴጥሮስ ተነሥቶ እኛም እነሱም የምንድነው በጌታ በኢየሱስ ጸጋ ነው አለ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ደግሞ ጽድቅ በሕግ የሚገኝ ከሆነ ክርስቶስ የሞተው በከንቱ ነው እስከማለት ደረሰ። ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። «ክርስቶስ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይበቃም» የሚለው ሐሳብ መስቀሉን ግማሽ ክፍያ ያደርገዋል።

ይህ ክርክር አገራችንም ገብቶ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 (እ.ኤ.አ.) ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን «እንደ አይሁድ ትገረዛላችሁ» ብለው ሲከሱ በጽሑፍ መልስ ሰጥተዋል። የእኛ መገረዝ የአገር ልማድ ነው፤ እንደ አይሁድ ለሕግ ብለን አንገረዝም አሉ። ለማስረጃም የጳውሎስን ቃል ጠቀሱ፤ መገረዝም አለመገረዝም አይጠቅምም የሚለውን። ይህንን የጻፈው የኦርቶዶክስ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ኅብረታችሁ ውስጥ «እነሱ ጳውሎስን አያውቁትም» የሚል ሰው ካለ ታሪክ አላነበበም።

የሉተር ነገር ሌላ ነው። በ1517 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር ውስጥ የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ገንዘቡ በከፊል ለሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይሄዳል። ድሃው ለሞተች እናቱ ነፍስ ሲል ይገዛል። ሉተር የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ቀስ በቀስ ሥር ወዳለው ጥያቄ ወረደ፤ ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው በምንድን ነው? በ1530 በአውግስቡርግ የቀረበው የሉተራውያን የእምነት መግለጫ አራተኛ አንቀጹ ሰው የሚጸድቀው በእምነት እንደሆነ ይናገራል። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ ይህ እምነት መልካም ፍሬ ማፍራት ይገባዋል ይላል። ስድስተኛውን የሚጠቅስልኝ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። በነገራችን ላይ፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል። ሉተርም በወንድምነት ተቀብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል። ጠፍተሃል አላለውም።

አሁን ወደ እምነት ራሱ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ መደናገር ያለው።

ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሆነሽ ልትቀጠሪ ስትሄጂ «ዋስ አምጪ» ትባያለሽ። ዋስሽ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ቀጣሪው አገላብጦ የሚያየው የእሱን ደመወዝ ነው። የአንቺ ኪስ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ዋስ የጠየቀሽም ለዚሁ ነው። «እኔ እኮ ታማኝ ነኝ» ብለሽ ብትምዪ ፎርሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እምነት ማለት የዋስሽን ደብዳቤ ማስረከብ ነው። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስን በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆኖአል ይላል። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። የሰው ዋስ የሚከፍለው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ክርስቶስ ግን አስቀድሞ ከፍሏል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እምነትሽ ራሱ ደመወዝ አይደለም። «የእኔ እምነት ጠንካራ ስለሆነ ድኛለሁ» የሚል ሰው እምነትን ሥራ አድርጎታል። ከጾመኛው የሚለየው በቆጠረው ነገር ዓይነት ብቻ ነው። የሚያድነው የምታምኚበት ጌታ ነው፤ የእምነትሽ ጉልበት አይደለም። እጅሽን አንሥተሽ፣ ወደ ፊት ወጥተሽ፣ የመሪውን ጸሎት ተከትለሽ መድገምሽም አያድንሽም። እነዚህ እምነትሽ የተገለጠባቸው አጋጣሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባዶ ሥርዓት ሊሆኑም ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው ዋስትና ተቀጥሮ በማግስቱ ካዝና የሚገለብጥ ሰው ዋሱን ከመጀመሪያውም ቁብ አልሰጠውም። ያዕቆብ የሚናገረው ስለዚህ ሰው ነው።

እናትሽ የጠቀሰችውን ያዕቆብ 2ን በጥንቃቄ አንብቢው። እውነት ለመናገር «በእምነት ብቻ» የሚለው ሐረግ ፊት ለፊት የሚገኘው እዚያ ቁጥር 24 ላይ ነው። ያውም በተቃውሞ፦ ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንደሚጸድቅ ታያላችሁ ይላል። ይህን የሚደብቅ የእኛ ሰባኪ ሐቀኛ አይደለም። ነገር ግን ያዕቆብ ስለ ምን ዓይነት እምነት እንደሚያወራ ተመልከቺ። ቁጥር 14 ላይ የሚጀምረው «እምነት አለኝ» በሚል ሰው ነው። ወንድሙ ራቁቱን ሆኖ፣ የዕለት ምግብ አጥቶ እያየ «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ያሰናብተዋል። ቁጥር 19 ላይ ደግሞ አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጣሉም ይላል። ያዕቆብ የሚያፈርሰው ይህን ነው፤ ከአፍ የማያልፍ፣ የአጋንንት ዓይነት እምነት። ጳውሎስም ያንን እምነት ብሎ ጠርቶት አያውቅም። እሱ ገላትያ 5፥6 ላይ የሚጠራው እምነት በፍቅር የሚሠራ ነው።

ሁለቱም አብርሃምን ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን ከሕይወቱ የተለያየ ቀን ነው የሚያነሡት። ይህ ብዙ ነገር ይፈታል። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ የሚሄደው ወደ ዘፍጥረት 15 ነው። አብርሃም ልጅ የለውም፣ አርጅቷል፣ እግዚአብሔር ከዋክብት ያሳየዋል፣ እሱም ያምናል። ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ቆየት ብሎ በ86 ዓመቱ እስማኤልን ወለደ። የተገረዘው ደግሞ በ99 ዓመቱ ነው፤ ዘፍጥረት 17 ላይ። ጳውሎስ ዓመቱን አስልቶ ይጠይቃል፦ ጽድቅ የተቆጠረለት ሳይገረዝ ነው ወይስ ተገርዞ? ሳይገረዝ። ቢያንስ 13 ዓመት ቀድሞ።

ያዕቆብ የሚሄደው ግን ወደ ዘፍጥረት 22 ነው፤ ይስሐቅን ለመሠዋት ወደ ተራራው ወደ ወጣበት ቀን። ይስሐቅ የተወለደው አብርሃም 100 ዓመት ሲሆነው ነው። ተራራው ላይ ሲወጡ ደግሞ ልጁ የመሥዋዕቱን እንጨት ለመሸከም ደርሷል። ስለዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ረጅም ዘመን አለ። ያዕቆብ በዚያ ቀን የዘፍጥረት 15 ቃል «ተፈጸመ» ይላል። ያኔ የተቆጠረለት እምነት እውነተኛ እንደነበር የታየው አሁን ነው ማለቱ ነው። ጳውሎስ በሩን ያሳያል። ያዕቆብ በበሩ ገብቻለሁ የሚለውን ሰው ኑሮ ይፈትሻል። ለእናትሽ «ያዕቆብን ተሳስተሻል» አትበያት። ልክ ናት። በትክክለኛው ቦታ ነው የጠቀሰችው፤ ያ ተበዳሪ ወንድም በራፏ ላይ ቆሞ ነበርና።

ስለ እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ኅብረታችሁ ውስጥ የሚባለው ሁሉ እውነት አይደለም። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ «ሰው በጾሙ ክርስቶስን ሳይፈልግ ይድናል» ብላ አታስተምርም። ድኅነት ከእግዚአብሔር ቸርነት ነው ትላለች፤ ያለ ክርስቶስ ቤዛነት ድኅነት የለም ትላለች። ሰው ያንን ድኅነት የራሱ የሚያደርገው በእምነት፣ በጥምቀት፣ በሥጋ ወደሙና በመልካም ምግባር ነው ብላ ታስተምራለች። ዮሐንስ 3፥5 እና ዮሐንስ 6፥53ን ትጠቅሳለች። እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ቆማ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች 41 ጊዜ ስትደግም ደመወዝ እየጠየቀች አይደለም። ማረኝ ነው የምትለው። በሉቃስ 18 ያለው ቀራጭም ከዚህ ሌላ አላለም፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ ደግሞም ቀላል አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲናገር ሰው የሚጾመው ኃጢአቱን ለማስተሥረይና ዋጋውን ለማብዛት ነው የሚል ሐሳብ አለው። እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ኃጢአትን የሚያስተሠርይ የክርስቶስ ደም ነው፤ የእኔ ረሃብ በዚያ ላይ የሚጨምረው የለም። ጾም ሥጋን ይገራል፣ ጸሎትን ያግዛል፣ ለድሃው ያስባል። ኢየሱስም «ስትጦሙ» አለ እንጂ አትጡሙ አላለም። ዕዳ መክፈያ ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። እናትሽ ጾሟን እንዴት እንደምታየው የምታውቀው ግን እሷ ናት። ብትጠይቂያት መልሷ ያስደንቅሽ ይሆናል።

ሌላው የምትጋጩበት ነገር «ድኛለሁ» የሚለው አነጋገር ይመስለኛል። ለእሷ ትዕቢት ነው፤ ለአንቺ ምስክርነት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መዳን በሦስት ጊዜ ይናገራል። ኤፌሶን 2 አድኖአችኋል ይላል። አንደኛ ቆሮንቶስ 1፥18 በመዳን ላይ ስላሉ ሰዎች ይናገራል። ሮሜ 5፥9 ደግሞ ገና እንድናለን ይላል። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሮጥን፤ እነሱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠበቁ። «ድኛለሁ» ስትዪ ስለ ዋሱ እየተናገርሽ ከሆነ ትዕቢት የለበትም። ስለ ራስሽ ደረጃ እየተናገርሽ ከሆነ እናትሽ እውነቷን ነው። አንዴ የዳነ ሰው ሊወድቅ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ደግሞ ወንጌላውያን እርስ በርሳችን እንኳ አንስማማም። በዚህ ላይ ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፤ ማለቂያ የለውም።

«ጠፍታለች» ስላለው መሪ። መዳን በኢየሱስ ብቻ እንደሆነ መስበክ ግዴታው ነው፤ ዮሐንስ 14፥6 እና ሐዋርያት ሥራ 4፥12 ግልጽ ናቸው። ስለ አንዲት በሕይወት ስላለች ሴት ልብ ፍርድ መስጠት ግን ግዴታውም መብቱም አይደለም። ፈያታዊ ዘየማን፣ ከኢየሱስ በስተ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ተጠምቆ፣ ተምሮ፣ ኅብረት ተካፍሎ አልነበረም። «አስበኝ» አለ፤ በቃ። ሌሎች ያ ሰው ከነወንበዴነቱ ሲሞት ነው ያዩት። እግዚአብሔር የሰማውን እኛ አልሰማንም። ይህ ሁሉም ሰው ይድናል ማለት አይደለም። መዝገቡን የሚይዘው ሌላ ነው ማለት ነው።

ደግሞ የሰውን ጉድፍ ከማየታችን በፊት የራሳችንን ቤት እንይ። «በእምነት ብቻ» የሚል ባነር የሰቀለ አዳራሽ ውስጥ «ይህን ያህል ብር ዝሩ፣ በረከታችሁ ይለቀቃል» ሲባል ሰምተሻል። የተጸለየበት ዘይት በብር ሲሸጥም አይተሽ ይሆናል። ይህ በ1517 ከተሸጠው ወረቀት በምን ይለያል? ለእናትሽ ጾም የምንጨክነውን ያህል ለራሳችን ንግድም ብንጨክን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ 18 ሺህ ብሩ። «ጌታ ይቅር ብሎኛል» ያለው ወንድም የእግዚአብሔርን ይቅርታ የእናትሽን ገንዘብ ማስቀሪያ አደረገው። ዘኬዎስ መዳን ወደ ቤቱ በገባ ቀን ያደረገው የቀማውን አራት እጥፍ መመለስ ነው። መመለሱ አላዳነውም፤ መዳኑ አስመለሰው። ሮሜ 13፥8 ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ይላል። ይህን የጻፈው ያው «በእምነት» የሚለው ጳውሎስ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ወደ ፊልሞና የላከው አጭር ደብዳቤ ነው። ባሪያው አናሲሞስ ከጌታው ጠፍቶ ሮጦ ነበር፤ አሁን አምኗል። ጳውሎስ «አሁን ወንድምህ ሆኗል፤ እርሳው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ ጳውሎስ በእጄ ጽፌያለሁ፣ እኔ እከፍላለሁ አለ። የጸጋው ሐዋርያ ለአበዳሪ ፈርሞ ሰጠ። የእናንተ ወንድም ግን ጸጋን የዕዳ መሰረዣ አድርጎታል።

ለዚህ በአገራችን ጥሩ ምስክር አለን። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ «በእምነት ብቻ» የሚለውን ትምህርት የያዘች ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነበሩበት ዘመን፣ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የተላከ ደብዳቤ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የወንጌል ስብከትንና የሰውን ልማት አትለያዩብን፤ ሰው ነፍስም ሥጋም ነው የሚል ነው። በእምነት ብቻ መዳንን የሚያምኑ ሰዎች ናቸው ጉድጓድ ቁፈራና ክሊኒክ ከስብከቱ እንዳይነጠል የተሟገቱት። ቄስ ጉዲና በ1979 (እ.ኤ.አ.) በደርግ ዘመን ተገደሉ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። «በእምነት» የሚለው ቃል ወደ ሕክምና ሲዛወር አደገኛ ይሆናል። ለመዳን በክርስቶስ መታመን ማለት ከበሽታ የመፈወስ ዋስትና አይደለም። ማንም «ካመንሽ መድኃኒቱን ተዪው» ቢልሽ አትስሚው፤ ለእናትሽም እንዲል አትፍቀጂለት። በእሷ የጾም ቀን ቤት ውስጥ ጥብስ እየጠበስሽ ነፃነትሽን አታሳያት። ጳውሎስ ሮሜ 14 ላይ በመብል ምክንያት ወንድምህን አታሳዝን ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ዝክሯ ላይ እንግዳ ስትቀበይ፣ ድስት ስታወጪ ብትረጃት ክርስቶስን አትክጂም። ሕሊናሽ የማይፈቅደውን ጸሎት ግን አትጸልዪ፤ ይህንንም በአክብሮት ንገሪያት።

ልዩነቱ ዛሬ ማታ እናንተ ሳሎን ውስጥ አይፈታም። ካቶሊኮች በ1547 (እ.ኤ.አ.) በትሬንት ጉባኤ «በእምነት ብቻ»ን ካወገዙ በኋላ፣ ሉተራውያንና ካቶሊኮች እንኳ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ የፈረሙት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ መግለጫ እግዚአብሔር የሚቀበለን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ በማመን እንጂ በእኛ ብቃት እንዳልሆነ፣ የምንቀበለውም መንፈስ ለመልካም ሥራ እንደሚጠራን አብረው ተናገሩ። ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶም የዚህ ስምምነት አካል አይደለችም።

ምክሬ ይህ ነው። «ጠፍታለች» የሚለውን ፍርድ ከአፍሽ አታውጪ፤ ሁለተኛም አትድገሚው። ለመሪያችሁም ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሪው። እናትሽን «ድነሻል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት። «እማዬ፣ ‹መሐረነ› ስትዪ በምን ተማምነሽ ነው ይምረኛል የምትዪው?» በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። በክርስቶስ ደም ካለች ሌላ ክርክር አትጀምሪ። በሌላ ነገር ካለች ያኔ ስለ ዋሱ ንገሪያት፤ በአንቺ ድምፅ፣ ሳትጮኺ። ከዚያ አብራችሁ አንብቡ። ሮሜን ከምዕራፍ 3 ቁጥር 21 ጀምራችሁ አራተኛውን ምዕራፍ ጨርሱ። ያዕቆብ 2ን ከቁጥር 1 ጀምሩ፤ ከ14 አትጀምሩ፣ ድሃው በጉባኤ የተናቀበትን ክፍል እንዳትዘሉት። በእሷ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቡ፤ ባንቺ ስልክ አይሁን።

የብሩን ጉዳይ ግን ከንባቡ አስቀድሚ። በመጀመሪያ ወንድምየውን ብቻውን አነጋግሪው፤ የሚከፍልበትን ቀን ይንገርሽ። እምቢ ካለ ማቴዎስ 18 እንደሚለው አንድ ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂ። ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች አቅርቢ። እናትሽ ደግሞ በሰፈር ሽማግሌ ወይም በሕግ መጠየቅ ብትፈልግ «ወንድም ነው» ብለሽ አታስቁሚያት፤ ብሯ ነው። አንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየወሩ ከደመወዙ እየከፈለ ይጨርስ፤ ወረቀት ይፈርም። የመጀመሪያውን ክፍያ ራሱ ይዞ ይምጣ፤ በአንቺ በኩል አይላክ።